ቀኔን አትንካብኝ

«ማዘር፣ የኮምፒውተርዎ ቀን ተሳስቷል፤ ላስተካክልልዎ» አለኝ ሙባረክ፣ መልሴን ሳይጠብቅ ጣቱን ወደ ሰዓቱ እየላከ። እጁን ቸብ አደረግኩት። «ቀኔን አትንካብኝ!» ሙባረክ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ የሦስት ልጆች አባት፣ ኮልፌ ውስጥ ላፕቶፕ ሲጠግን የኖረ፣ እጁ የተባረከ ሰው። ግን ደነገጠ። «የመጣሁት ‹ረ› ፊደሌ እምቢ ስላለችኝና የማተሚያዬን ፕሮግራም እንድትጭንልኝ ነው። ቀኔ ደህና ነው» አልኩት። «ማዘር፣ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል እኮ!» «ማን ነው ወደ ኋላ የቀረው? እስቲ ግድግዳህ ላይ የሰቀልከውን ካላንደር እየው፤ ስንት ይላል?» ዞር ብሎ አየና ራሱን አከከ። «እሱማ ያው የእኛ ነው...» «እንግዲያው የኔም የእኛ ነው። ሥራህን ሥራ» ብዬው በሩ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ሄጄ ተቀመጥኩ።

‹ተሳስቷል› የምትባለው ቃል ደሜን ታፈላዋለች። ሌላው ሰው በሌላ ነገር ይናደዳል፤ እኔ በእሷ ነው። ከዚች ቃል ጋር የተጣላሁት ገና ፀጉሬ ጥቁር ሳለ ነው፣ እዚሁ ሰፈር፣ ከዚህ ሱቅ አሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ። እንዲያውም ይቺ የሙባረክ ሱቅ ያለችበት ማዕዘን ያን ጊዜ ካሴት ቤት ነበረች። ቁም ሳጥን የሚያክል ስፒከር በሩ ላይ ገትረው ከጠዋት እስከ ማታ ይለቁታል፤ አንዱን አዲስ ካሴት አንድ ወር ሙሉ ሲደጋግሙት የኮልፌ ሰው ሁሉ፣ የመዝሙር እንጂ የዘፈን ወዳጅ ያልሆንኩት እኔ እንኳ፣ ግጥሙን በቃላችን እንይዘው ነበር። ፊት ለፊቱ ፌርማታ አለ። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «መርካቶ! መርካቶ! አውቶቡስ ተራ!» ሲል ድምፁ ከካሴቱ ጋር ይታገላል። ታክሲው ሰባ አምስት ሳንቲም ነበር፤ አንድ ብር ሰጥታችሁ ሃያ አምስት ሳንቲም መልስ ለመቀበል ግን እስከ መውረጃችሁ ድረስ ረዳቱን ዓይን ዓይኑን ማየት ነው። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ ደግሞ አንድ ብር፤ ዘይቱ ከወረቀቱ አልፎ እጃችሁን የሚያርስ ቦምቦሊኖ። አሁን መንገዱ ሰፍቶ፣ ግማሹ ቤት ፈርሶ፣ ሕንፃው ተደርድሮ፣ ያንን ቦምቦሊኖ ግን ማንም ሊያመጣው አልቻለም። እኔ ያን ጊዜ ትከሻው ስፖንጅ ያለው ቡላማ ኮት ነበረኝ፤ ፀጉሬን በየቅዳሜው በካውያ እተኮሳለሁ፤ ጫማዬን ሁለት ጊዜ ሶል አስቀይሬ አድርጌዋለሁ። ሰው ሲያየኝ «የቢሮ ሰው ናት» ይል ነበር፣ ነበርኩም።

አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። አስካለ ታይፒስቷ ሲባል የማያውቀኝ ተማሪ የለም። የየክፍሉን ፈተና በስቴንስል የምመታው እኔ፣ በማባዣው ማሽን እያሽከረከርኩ የማባዛው እኔ፤ ጣቶቼ ከቀለም ነጽተው አያውቁም። የስንቱ ፈተና በእጄ አልፏል! አንድም ጥያቄ ግን ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፤ የገዛ እህቴ ልጅ እንኳ ሒሳብ ሲወድቅ እያየሁ ዝም ብያለሁ። ታዲያ አንድ መስከረም ላይ ‹ታይፕ ቀርቷል› የሚል ትእዛዝ ከላይ መጣ። የታይፒስት መደብ ይታጠፋል፤ ወይ ሌላ ሥራ ይገኝላታል ወይ ትሰናበታለች። አርባ አምስት ዓመቴን አልፌያለሁ፤ ጡረታዬ ገና ነው፤ ባል የለኝ፤ እናቴን የማስታምመው እኔ ነኝ። ይኼንኑ ለኔ የሚያሳውቀውን ደብዳቤ ራሴው መትቼ፣ ራሴው ለፊርማ ወስጄ፣ ራሴው ፋይል ውስጥ አስገባሁት። ይኼንን ስል እንዳታዝኑልኝ፤ ያኔም ማንም እንዲያዝንልኝ አልፈቀድኩም።

በዚያው ሰሞን ነው አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ኮምፒውተሮቹን የሰጠን። አሥራ አራት ናቸው። ስክሪናቸው እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ጀርባው ያበጠ፣ መልካቸው ወደ ቢጫ የሄደ፣ ከመሐላቸው አንዷ ጭራሽ የሞተች። ቫይረስ በልቷቸው አንዱም በወጉ አይነሳም። የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ ጌታሁን አንድ ጊዜ አየት አደረጋቸውና «እነዚህ ቆሼ ይሂዱ፤ ክፍሉን ለመጻሕፍት መጋዘን እፈልገዋለሁ» አሉ። አቶ ጌታሁን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደረቅ ነበሩ። ወረቀት የሌለው ነገር ለእሳቸው የለም። እኔ ደግሞ ቆሼ ሲባል ይሰማኛል፤ ጎረቤቴ እዚያ ቆሻሻ እየለየች ነበር ልጆቿን የምታሳድገው፤ «እትዬ አስካለ፣ እዛ የሚጣለው ሁሉ ቆሻሻ እንዳይመስልሽ» ትለኝ ነበር። ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባሁና «ማሽኖቹን ስጡኝ፤ አሠራቸዋለሁ» አልኩ። ምን ቆርጦኝ እንደዚያ እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። ዳይሬክተሯ ቀና ብላ አየችኝ። «እስከ ኅዳር አሥር ዓርብ ከሠሩ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ አንቺ ነሽ፤ መደቡን አስፈቅዳለሁ። ካልሠሩ ግን አቶ ጌታሁን ክፍሉን ይረከባሉ፤ ያንቺም ነገር በደብዳቤው መሠረት ይሆናል» አለች። ይኼው ነው። አሥራ ሦስቱ ማሽን ከተነሳ እኔም እነሳለሁ፤ ቆሼ ከሄዱ እኔም ሄድኩ።

ብቻዬን አልነበርኩም፤ ሐያት ነበረች። ሐያት የሒሳብ መምህር ናት፤ አባቷ አጠና ተራ የታወቁ ነጋዴ ናቸው፤ እሷ ግን ከንግዱ ይልቅ ሒሳቡን መርጣ ዩኒቨርሲቲ እያለች ኮምፒውተርም ተምራለች። ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት አልሞላትም። ኮምፒውተሩን ከሥር የሚያንቀሳቅስ፣ በነፃ የሚታደል ሲስተም በሲዲ አመጣች። ማንም አይከፍልበትም፤ ማንም ደግሞ ሆዱን ከፍቶ ማየትና ማስተካከል ይችላል። «ይኼ ሲስተም የራሱ ጫኚ አለው እትዬ አስካለ» አለችኝ። «ጫኚው ምንድን ነው?» ብላት ጥሩ አድርጋ ነገረችኝ። ፕሮግራሞቹ በየጥቅላቸው ታስረው ይመጣሉ። ጫኚው መርካቶ እንዳለ ጫኝና አውራጅ ነው፤ የቱ ጥቅል ከየቱ በፊት መራገፍ እንዳለበት ያውቃል፤ እያንዳንዱ ጥቅል ላይ የሠሪዎቹ ማኅተም አለ፤ ማኅተሙን አይቶ ትክክለኛ ከሆነ አውርዶ ቦታ ቦታው ያስቀምጣል። ማኅተም ከተባለማ የቢሮ ሰው ነኝ፤ ወዲያው ገባኝ።

አሁን ወደ ቀኑ ልመጣ ነው። የኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ቀን የምትይዝ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፤ የአሥራ አራቱም ሞታለች። አዲስ ይገዛ ብንል አቶ ጌታሁን «ሦስት ፕሮፎርማ አምጡ» አሉ። ለባትሪ! ስለዚህ በየጠዋቱ ማሽኖቹ ሲነሱ ቀን ይጠይቃሉ፤ እኔ በእጄ እሞላላቸዋለሁ። በእኛ ትምህርት ቤት ደንብ ነው፤ አስተማሪ ክፍል ሲገባ መጀመሪያ ጠመኔ አንስቶ ሰሌዳው ቀኝ ጥግ ላይ ቀኑን ይጽፋል፤ ቀን ያልተጻፈበት ትምህርት ትምህርት አይደለም። እኔም የማሽኖቹን ክፍል እንደማንኛውም ክፍል ቆጥሬ ጠዋት ስገባ ሰሌዳው ላይ ቀኑን እጽፍና እሱኑ እያየሁ ለአሥራ ሦስቱም አዳርሳለሁ። ዘንድሮ ማለት የእኛ ዘንድሮ ነዋ፤ የማን ሊሆን ነበር? ደግሞ ምልክቱን ቀድሜ አይቼ ነበር። ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ ቀን አንዷን ማሽን ለሙከራ ሳስነሳት ወሩ ሁለት፣ ቀኑ ሃያ ዘጠኝ ብላት እምቢ አለችኝ። በማግስቱም ሠላሳን እምቢ አለች። «ምናባቷ፣ ጥቅምት ሠላሳ የማይኖርበት አገር የት ነው?» ብዬ ኅዳር አንድ እስኪጠባ ጠበቅኋት፤ ኅዳር አንድን ያለ ጭቅጭቅ ተቀበለች። እንግዲህ ጥፋት ካለብኝ እዚህ ላይ ነው፦ እምቢ ስትል ለምን እንዳለች አልጠየቅኋትም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የኔ ጉድ ለኅዳር ቀርቶ ነበር።

ሰኞ ጀመርን። ጫኚው ይጀምራል፣ ደህና ይሄዳል፣ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ቀጥ። የመጨረሻው መስመር ‹ጥቅሉ ተበላሽቷል› ይላል። ማሽኗን መልሰን ስናስነሳት አሮጌውም የለ አዲሱም የለ፤ ጥቁር ስክሪን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። ጫኚው ለካ መጀመሪያ አሮጌውን አንስቶ ይጥላል፣ ከዚያ በኋላ ነው አዲሱን የሚመረምረው። ‹ተበላሽቷል› ስላለን ሲዲው ነው አልን። ማክሰኞ ሐያት ሌላ ሲዲ አስገለበጠች፤ ያው። ረቡዕ ደግሞ እስከ ስድስት ኪሎ ሄዳ ከጓደኛዋ ዋናውን ተውሳ መጣች፤ ያው። አቶ ጌታሁን በየቀኑ በበሩ ብቅ እያሉ በሜትር ክፍሉን ይለካሉ። አንድ ጊዜማ መደርደሪያው የሚቆምበትን ቦታ በጠመኔ ወለሉ ላይ አሠመሩ። እኔ እዚያው ቆሜ! «አቶ ጌታሁን፣ ሬሳው ሳይወጣ ቀብር አይቆፈርም» አልኳቸው። «አስካለ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው» አሉኝ ሜትራቸውን እየጠቀለሉ።

ሐሙስ ጠዋት እጄን አንዷ ማሽን ላይ ጭኜ ጸለይኩ። አትሳቁ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ለታመመ ሁሉ እጅ ይጫናል። ሐያት ቆማ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። «አሜን። እኔም ሌሊት ዱዓ አድርጌያለሁ፤ አሁን ግን እናንብበው» አለች። «ምኑን?» «የሚለውን ነዋ! እኛ የምናየው የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነው።» እውነቷን ነው፤ ሌላው ጽሑፍ እየተወረወረ ነው የሚያልፈው። ግን እኔ ታይፒስት ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ዓይኔ አንድ መስመር እንዳይዘል ሳሠለጥነው ኖሬያለሁ። ጫኚውን እንደገና አስነሳነውና ወንበሬን ስቤ አፈጠጥኩ። መስመሩ ይሮጣል፣ ይሮጣል... «ያዢው!» አልኩ። ሐያት ማቆሚያውን ተጫነች። «አለፈ። ወደ ላይ መልሺው። እዚያ! ትልቅ ቁጥር አለ።» ነበረ። እንግሊዝኛው ቀስ ተብሎ ሲነበብ ‹ይህ ማኅተም የተሠራው ከዛሬ ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ሚሊዮን ሴኮንድ በኋላ ነው› ይላል። ሁለታችንም ተያየን። ገና ካልደረሰ ጊዜ የመጣ ማኅተም! «ወይ ጉድ!» አልኩ።

ሐያት ጠመኔ አነሳችና ሰሌዳው ላይ ማካፈል ጀመረች። ለስድሳ አካፈለች፣ ደቂቃ ሆነ። ለስድሳ አካፈለች፣ ሰዓት ሆነ። ለሃያ አራት፤ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሠላሳ አንድ ቀን። ለሦስት መቶ ስድሳ አምስት፤ «ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ» አለችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሠመረችበት። ሰባት ዓመት! ይኼን ቁጥር የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ? ዓይኔ ከቁጥሩ ተነስቶ ወደ ሰሌዳው ቀኝ ጥግ ሄደ፤ ጠዋት በገዛ እጄ የጻፍኩት ቀን እዚያው ቁጭ ብሏል፣ ከነዓመተ ምሕረቱ። ለካ ማሽኗ ጥቅምት ሃያ ዘጠኝን እምቢ ያለችውም የእነሱ ሁለተኛ ወር በሃያ ስምንት ስለሚያልቅ ነው። የሐያትም ዓይን ተከተለኝ። ከዚያ ሐያት መሳቅ ጀመረች፤ ወለሉ ላይ፣ አቶ ጌታሁን ባሠመሩት መደርደሪያ ውስጥ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ተናድጄ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ‹ተበላሽቷል› ሲለን የተበላሸ ምንም ነገር አልነበረም።

«በቃ እትዬ አስካለ፣ የእነሱን ቀን ስጪው» አለች ሐያት ዓይኗን እየጠረገች። «አልሰጥም።» «እንዴት አትሰጪም?» «ትክክለኛውን ቀን ነው የሰጠሁት። እሱ ይማር!» አውቃለሁ፣ ግትርነት ነው። ግን እስቲ አስቡት፤ እናቴ የወለደችኝን ቀን፣ የተማርኩበትን፣ አባቴን የቀበርኩበትን፣ ደመወዜን የፈረምኩበትን፣ ይኼን ሁሉ የቆጠርኩበትን አቆጣጠር አንድ ቢጫ ቆርቆሮ መጥቶ የለም ይለኛል? ሐያት አልተቆጣችኝም። የነጋዴ ልጅ ናት፣ በነጋዴ አነጋገር ያዘችኝ። «አጎቴ ዱባይ ዕቃ ሊያመጣ ሲሄድ በብር አይደለም የሚገዛው። እዚያ ሲደርስ ይቀይራል፤ ሲመለስ ብሩን ይይዛል። ብር ውሸት ነው ያለው ማንም የለም። አንቺም ለመጫን ያህል የእነሱን ቀን አበድሪው፤ ሲጨርስ የራስሽን ትመልሺለታለሽ።» ስለ አሥራ ሦስቱ ማሽን ብዬ፣ እውነት ለመናገር ስለ እናቴ መድኃኒትም ብዬ፣ የእነሱን ቀን ሰጠሁ። የመጀመሪያዋ ማሽን እኩሌታውን አለፈች። ሦስት አራተኛውን አለፈች። ጨረሰች። ሰማያዊ ስክሪን ወጣ፣ ከነሥዕሉ! እልል አልኩ፤ በትምህርት ሰዓት፣ ከዘጠነኛ ክፍል ግድግዳ አጠገብ።

ዓርብ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አሥራ ሦስቱም ተነሱ። የሞተችው አሥራ አራተኛዋ ለሌሎቹ መለዋወጫ ሆነች። ዳይሬክተሯ ገባች፣ አቶ ጌታሁን ተከተሉ፤ ሐያት የሆነውን ሁሉ አስረዳች። አቶ ጌታሁን ሰምተው ሰምተው «ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ የተደከመው አስካለ ቀን ተሳስታ ነው በሉኛ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ያዝኳቸው። «አቶ ጌታሁን፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» «ኅዳር አሥር።» «ዛሬ ጠዋት የፈረሙት የንብረት መረከቢያ፣ ሞዴል አሥራ ዘጠኙ ላይ ስንት ብለው ጻፉ?» «ኅዳር አሥር ነዋ!» «እኔም ትናንት ለማሽኑ ኅዳር ዘጠኝ አልኩት። እኔ ከተሳሳትኩ እርስዎም የትምህርት ቤቱን ንብረት ሁሉ በተሳሳተ ቀን ሲረከቡ ነው የኖሩት፤ እንያያዝ!» ዳይሬክተሯ አፏን በእጇ ያዘች። ቀጠልኩ፤ «ከሰባት ዓመት በኋላ ያለ ቀን የተጻፈበት ሰነድ ቢያመጡልዎ ይቀበላሉ?» «በፍጹም!» «ጫኚውም እንደ እርስዎ ነው፤ ደረቅ ነው። እርስዎ ግን ሰነዱን ሲመልሱ ‹ቀኑ አልገባኝም› ይላሉ እንጂ ‹ተበላሽቷል› ብለው ቤቱን አፍርሰው አይሄዱም።» አቶ ጌታሁን ትንሽ አሰቡና «እሱስ እውነት ነው» አሉ። ደረቅ ሰው ጥቅሙ ይኼ ነው፤ እውነት ከሆነ እውነት ነው ይላል። ዳይሬክተሯ የክፍሉን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠች። ያ ቁልፍ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከቦርሳዬ አልተለየም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር፤ እኔ ግን አልለቀቅኩትም። በየትምህርት ቤቱ ስንት አስካለ ቀኗን በእጇ እየሞላች፣ ማሽኗ በግማሽ ተጭኖ ሞቶባት፣ ‹ተበላሽቷል› ተብላ ቆሼ እየላከች ይሆናል? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። ያን ክረምት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ዝናቡ ጣሪያውን ሲቀጠቅጥ ከሐያት ጋር የጫኚውን ሆድ ከፈትነው። እሷ አስተማረችኝ፤ እኔ በታይፒስት ዓይኔ መስመር በመስመር ሄድኩ። ያስተካከልነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አሮጌውን ሳይነካ በፊት ቀኑንና ማኅተሙን ያያል። ሁለተኛ፣ ካልገጠመለት እንደ ሰው ይናገራል፤ ‹ቀኑ አልተስማማም፣ ምንም አልነካሁም› ይላል። ለሠሪዎቹ ለመላክ ኢንተርኔት ቤት ሄድን። ያን ጊዜ በደቂቃ ነው የሚከፈለው፤ ሰው አንድ ደብዳቤ ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። እኔ በወረቀት ጨርሼ ሄጄ በሦስት ደቂቃ መትቼ ስነሳ ባለቤቱ ሒሳቡን እያየ ፊቱ ጠቆረ።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። ‹ይህ የእኛ ችግር አይደለም። የተጠቃሚዋ ሰዓት ተሳስቷል። ሰዓትሽን አስተካክዪ› ይላል፤ ጉዳዩም ተዘግቷል። እኔም ጻፍኩላቸው፤ ‹የኔ ቀን ትክክል ነው። አገሬ ውስጥ ሕፃን ሲወለድ፣ ሙሽራ ሲዳር፣ ደመወዝ ሲከፈል የሚጻፈው ይኼ ቀን ነው። የናንተም ትክክል ነው። ያልተስማሙ ሁለት ትክክለኛ ቀኖች ናቸው። የናንተ ጫኚ ግን የሰው ማሽን አፍርሶ ይሄዳል፤ ይኼኛው ነው ስሕተት።› ከሁለት ወር በኋላ ከሠሪዎቹ አንደኛው ሥራችሁ ጥሩ ነው፣ እንቀበለዋለን አለ፤ ደስ አለኝ። ግን ሲያሳዩን መልእክቷን ቀይረዋታል፤ ‹ሰዓትዎ ተሳስቷል› አድርገዋታል። ሐያት «እትዬ አስካለ፣ ሥራው ገብቷል፣ ማሽን አይሞትም፤ ለአንድ ቃል እንተወው» አለችኝ። አልተውም አልኩ። ማሽን የሚነካውን ከተቀበሉ፣ ሰው የሚነካውንም ይቀበሉ። እንደገና ጻፍኩ። ዝም አሉ። በወሩ እንደገና ጻፍኩ፤ ያው ደብዳቤ፣ አንድ ፊደል ሳልቀይር። ስንት ጊዜ እንደላክሁት ልቆጥርላችሁ አልችልም፤ የኢንተርኔት ቤቱ ሰውዬ በመጨረሻ ገና ስገባ «ዛሬም እንትኖቹ ጋ ነው?» ይለኝ ነበር። ከዚያ የእናቴ ሕመም ባሰ፣ ሐያት አገባችና ወደ ሳንሱሲ ሄደች፣ እኔም ከእነሱ መልስ ሳላገኝ ቀረሁ። ሐያት ዛሬም ለረመዳን ሳምቡሳ ትልክልኛለች፤ እኔም በገና ዶሮ ወጥ ብሠራ ሥጋው ሐላል ስላልሆነ ድፎ ዳቦ እልክላታለሁ።

ይኼን ሁሉ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳመነዥክ ሙባረክ ከውስጥ ተጣራ። «ማዘር! ይኼው፣ አልጭንም አለ። ነግሬዎት ነበር። አሁን ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ‹ቀንዎ ተሳስቷል› እያለዎት ነው!» ብድግ ብዬ ገባሁ። ኮምፒውተሬ የሚሠራው በዚያው በነፃው ሲስተም ነው፤ አዲስ ፕሮግራም ሳስጭንበት ግን የመጀመሪያዬ ነው። «አንብብልኝ፤ መነጽሬን አልያዝኩም» አልኩት፤ መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነበር። «ያው ማዘር፣ የታወቀ ነው፣ በየቀኑ የማያት መልእክት ናት...» «አንብብ ብዬሃለሁ።» እንግሊዝኛውን በአማርኛ እየመለሰ ማንበብ ጀመረ። «‹የማሽኑ ቀንና የጥቅሉ ቀን...›» ቆመ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ለራሱ እንደገና አነበበው።

«ተሳስቷል ይላል?» አልኩት።

«አይልም...»

«ምን ይላል?»

«‹አልተስማሙም› ነው የሚለው። ‹ምንም ነገር አልተነካም› ይላል። ይገርማል፤ ስንት ዓመት ሳያት ልብ ብዬ አንብቤያት አላውቅም» አለ።

ማን እንደጻፈው አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና መነጽሬን ከግንባሬ አውርጄ ራሴ አነበብኩት፤ መስመር ሳልዘል፣ እስከ ነጥቡ።

«በል» አልኩት፣ «ለመጫን ያህል የእነሱን ቀን አበድረው። ሲጨርስ ግን የኔን ትመልስልኛለህ።»